መስተዋት የማይታመንባቸው ሳምንታት

የዛሬው የጤና ዝግጅት ከአንድ ፎቶ ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 የኒው ዮርኩ ዝነኛ የልብስ ንድፍ ባለሙያ ማርክ ጄኮብስ በኢንስታግራም ገጹ ላይ የራሱን ፎቶ ለጠፈ። ራሱና አገጩ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል። ፊቱ አብጧል። ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጡ ቀጫጭን ቱቦዎችም ይታያሉ። ሰውየው 58 ዓመቱ ነበር፤ የፊት ቆዳን የሚያነሳ ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ጥቂት ጊዜው ነው። ዝነኞች እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርጉ ለሳምንታት ይጠፉና «እረፍት ላይ ነበርኩ» ብለው ብቅ ይላሉ። ጄኮብስ ግን ሌሎች የሚደብቁትን አሳየ።

የውበት ቀዶ ሕክምና ማስታወቂያዎች ሁልጊዜ ሁለት ፎቶ ነው የሚያሳዩት፦ «በፊት» እና «በኋላ»። በሁለቱ መሃል ያሉት ሳምንታት የሉም። ድርብ አገጩን ያስተካከለ ሰው ግን የሚኖረው እዚያው መሃል ላይ ነው፤ አገጩ አብጦ፣ አንገቱ በልዞ፣ መስተዋት ፊት ቆሞ «ምን አደረግሁ?» እያለ። ይህ ዝግጅት ስለነዚያ ሳምንታት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በአማርኛ የሴት ቁንጅና ሲወደስ አንገቷ ከጠጅ ብርሌ ጋር ይነጻጸራል፤ «አንገተ ብርሌ» ትባላለች። በሌላ በኩል ደግሞ ሞላ ያለ ፊትና አገጭ የድሎት ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ከሩቅ የመጣ ዘመድ «ተመችቶሃል!» ሲል ዓይኑ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ነገሩን ያወሳሰበው ስልክ ነው። ስልኩን ደረቱ አጠገብ ይዞ በቪዲዮ የሚያወራ ሰው ራሱን የሚያየው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከዚያ አቅጣጫ ደግሞ ቀጭን ሰው እንኳ ድርብ አገጭ ያወጣል። በኮቪድ ዘመን ስብሰባ ሁሉ በቪዲዮ ሲሆን በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ የውበት ሐኪሞች የፊትና የአንገት ሕክምና ጠያቂ እንደበዛባቸው ተናገሩ፤ ለወረቱም «ዙም ቡም» የሚል ስም ወጣለት።

ድርብ አገጭ ሁሉ ከውፍረት አይመጣም። ከአገጭ ሥር፣ ልክ ከቆዳው በታች፣ አንድ የስብ ሽፋን አለ። ከእሱ ሥር ፕላቲስማ የሚባል፣ አንገትን እንደ ስስ ነጠላ የሚሸፍን ጡንቻ ይገኛል። ከጡንቻው ጀርባ ደግሞ ሌላ ስብና የምራቅ ዕጢዎች አሉ። በአንዱ ሰው ላይ የበዛው የላይኛው ስብ ነው፤ በሌላው ዕድሜ ነጠላውን አላልቶታል፤ በሦስተኛው የአገጩ አጥንት በተፈጥሮ አጭር ሆኖ ቆዳው የሚወጠርበት አጥቷል። ከእናት ወይም ከአባት የወረሱትም ብዙ ናቸው፤ እነሱ ክብደት ቢቀንሱም አገጫቸው ንቅንቅ አይልም። ሕክምናውም እንደየምክንያቱ ይለያያል። ለመጀመሪያው ስቡን መምጠጥ ይበቃል፤ ለሁለተኛው ጡንቻውን ሰፍቶ ማጥበቅና ትርፍ ቆዳ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ለሦስተኛው አገጩን ወደ ፊት የሚያወጣ ሥራ ይታሰባል። የማገገሚያው ርዝመትም ከዚሁ ይነሳል።

ስብን በቱቦ የመምጠጥ ጥበብ ያን ያህል የቆየ አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ጣሊያናዊው ጆርጆ ፊሸር ከአባቱ ጋር ሮም ውስጥ ሞከረው። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ኢቭ ዤራር ኢሉዝ የተባለ ቀዶ ሐኪም አንዲት ሴት ጀርባዋ ላይ ያለው የስብ ዕጢ ትልቅ ጠባሳ ሳይተው እንዲወጣላት ስትጠይቀው፣ ቆርጦ ከማውጣት ይልቅ ጫፉ ባልሾለ ቱቦ መጠጠላት። የያኔው ሥራ ደም በብዛት ያፈስ ነበር። ይህን የለወጠው የካሊፎርኒያው የቆዳ ሐኪም ጄፍሪ ክላይን ነው። በ1987 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሊዶካይን የተባለ ማደንዘዣና የደም ሥርን የሚያጠብብ አድሬናሊን በብዙ ጨዋማ ውሃ አቅጥኖ ከቆዳው ሥር መውጋትን አስተማረ። ዛሬ የአገጭ ሥር ስብ የሚመጠጠው በዚሁ መንገድ ነው። ሐኪሙ ከአገጭ ሥርና ብዙ ጊዜ ከጆሮ ጀርባ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ቀዳዳዎች ያበጃል፤ ስቡን ይመጥጣል፤ ታካሚው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ሥራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እብጠቱ ግን ወራት ይወስዳል። ለምን?

የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ሮማዊው ጸሐፊ ኬልሱስ የቁስል መቆጣትን አራት ምልክቶች ዘርዝሮ ነበር፦ መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋል፣ ማመም። እሱ ያየውን ዛሬ ሳይንስ በቅርብ ያውቀዋል። ቱቦው ስቡ ውስጥ ሲመላለስ ሰውነት የሚያውቀው የውበት ሥራ መሆኑን ሳይሆን ጉዳት መድረሱን ነው። በተጎዳው ቦታ ያሉ ሕዋሳት ሂስታሚንን የመሳሰሉ መልእክተኛ ቅመሞች ይለቃሉ። በእነሱ ትእዛዝ ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ግድግዳቸው ያፈሳል፤ ውሃ፣ ፕሮቲንና ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ። ነጮቹ ሕዋሳት ፍርስራሹን ይጠርጋሉ፤ ፕሮቲኑ ለመጠገኛ ይውላል። እብጠት ማለት ይህ ሁሉ ሠራተኛና ዕቃ ጠባቧ ቦታ ላይ ሲከማች የሚፈጠረው መጨናነቅ ነው። የተረፈውን ውሃ መልሰው የሚያነሱት የሊምፍ ቧንቧዎች ናቸው፤ ችግሩ ግን እነሱም በቱቦው ከተጎዱት መካከል መሆናቸው ነው። ጎርፉ በመጣበት ሰዓት ቦዩ ተደፍኗል እንደማለት ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አንዲት ሴት ሐሙስ ጠዋት የአገጯ ሥር ስብ ተመጥጦላት ቤቷ ገባች እንበል። ሐሙስ ማታ ብዙም አያስቸግራትም። ማደንዘዣው ገና ስላልለቀቃት ሕመሙ ቀላል ነው፤ ከቀዳዳዎቹ ግን ሮዝማ ውሃ ይንጠባጠባል። ትራሷ ላይ ሲታይ ደም የፈሰሳት ይመስላል፤ አብዛኛው ግን ሐኪሙ ራሱ የወጋት ጨዋማ ውሃ ነው። ትራስ ላይ አሮጌ ፎጣ ማንጠፍ ይበቃዋል።

ዓርብ አገጯ ይከብዳታል። ዋናው ፈተና ቅዳሜና እሁድ ይመጣል፤ እብጠቱ ጫፍ የሚደርሰው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነውና። መስተዋቱ የሚያሳያት ከበፊቱ የባሰ አገጭ ነው፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተነፋ፣ ሲነኩት ጠንከር ያለ። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው በእነዚህ ሁለት ቀናት «ከፍዬ አባስኩት» ቢል አይፈረድበትም። ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደጋግመው የሚያስጠነቅቁትም ስለነዚህ ቀናት ነው።

ሰኞ ወይም ማክሰኞ እብጠቱ መውረድ ይጀምራል። መውረድ ሲባል ቃል በቃል ነው፤ የምድር ስበት ፈሳሹንና የፈሰሰውን ደም ወደ አንገት፣ አንዳንዴም እስከ ደረት ያንሸራትተዋል። አገጯ ላይ ብቻ የተሠራላት ሴት የአንገት ማተቧ የሚንጠለጠልበት ቦታ በልዞ ስታይ ብትደነግጥም ነገሩ የተለመደ ነው። በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ሲፈርስ መጀመሪያ ወደ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ወደ ቢጫ ቀለም ይለወጣል፤ ብልዙ ሐምራዊ ሆኖ ጀምሮ በቢጫ የሚጨርሰው ለዚህ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ እነዚህ ቀለሞች በደንብ ላይለዩ ይችላሉ፤ የሚታየው ጠቆር ያለ ጥላ ነው።

ስፌት ካለ በሳምንቱ ገደማ ይወጣል፤ ብዙ ሰውም በዚያው ሰሞን ወደ ቢሮ ሥራው ይመለሳል። በሁለተኛው ሳምንት የሥራ ባልደረቦቿ ምንም ላያዩባት ይችላሉ፤ «ደከም ብለሻል» ቢሏት ነው።

ሁለተኛው ድንጋጤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይመጣል። እብጠቱ ቀንሶ ሳለ ከአገጭ ሥር ጠጠር የመሰሉ ጓሎች ይዳሰሳሉ፤ ቆዳው ግትር ይላል፤ ቀና ስትል የሚጎትታት ክር ያለ ይመስላታል። ይህ የተመለሰ ስብ አይደለም። ሰውነት ስቡ የወጣበትን ባዶ ቦታ ለመግጠም የሚፈትለው የጠባሳ ክር ነው፤ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይለሰልሳል። የቦታው መደንዘዝም የዚሁ ጊዜ ነገር ነው፤ ከጥርስ ሐኪም መርፌ በኋላ ያለውን ስሜት ይመስላል። ስሜቱ ሲመለስ ደግሞ እንደ ጉንዳን ይነዝራል፣ ያሳክካል።

እብጠቱ ቀጥ ባለ መስመር አይቀንስም። ሌሊቱን ተኝታ ስለቆየች ጠዋት ይበዛል፤ ቆማ ስትውል ማታ ይቀላል። ጨው የበዛበት እራት በማግስቱ ይታወቃል። ብዙው ለውጥ በሦስት ወር ይታያል፤ የመጨረሻው ቅርጽ ግን እስከ ስድስት ወር ሊቆይ ይችላል። ጡንቻው የተሰፋለትና ቆዳው የተነሳለት ሰው ደግሞ የቀን መቁጠሪያውን ማራዘም አለበት፤ እንደ ማርክ ጄኮብስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቱቦ ይገባለት ይሆናል፤ አንገቱን እንደልብ ለማዞር ሳምንታት፣ ሙሉ ውጤቱን ለማየት እስከ ዓመት ይጠብቃል።

(አጭር ሙዚቃ)

ኢትዮጵያዊት እናት ከወለደች በኋላ ሆዷን በመቀነት ትታሰራለች። የአገጭ ማሰሪያውም አሳቡ ከዚህ አይርቅም። ከአገጭ ተነስቶ በጆሮ በኩል አናት ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ያለው ጨርቅ ከቆዳው ሥር ያለውን ክፍተት ይገጥማል፤ ፈሳሽ እንዳይጠራቀምበት ያደርጋል፤ ቆዳው በአዲሱ ቦታው እንዲጣበቅ ይረዳል። ብዙ ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሌት ተቀን፣ ከዚያ ለጥቂት ሳምንታት ማታ ማታ እንዲታሰር ያዛሉ። ሲጠብቅ ይሻላል ብሎ ከልክ በላይ መሳብ ግን ጉዳት አለው፤ ቆዳው ላይ እጥፋት ያትማል፣ የደም ዝውውርንም ያግዳል።

ከማሰሪያው ሌላ በቀስታ የሚሰጥ የሊምፍ ማሸት የሚያዙ ሐኪሞች አሉ። የዚህ ማሸት ታሪክም የሚጀምረው ከአንገት ነው። በ1930ዎቹ ዴንማርካዊው ኤሚል ቮደርና ባለቤቱ ኤስትሪድ ደቡብ ፈረንሳይ ውስጥ ሲሠሩ ጉንፋን የማይለቃቸው ደንበኞች ይመጡላቸው ነበር፤ የአንገታቸው ዕጢዎች አብጠዋል። የዕጢዎቹን አካባቢ ማሸት በጊዜው እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ባልና ሚስቱ ግን በጣም በለሰለሰ እጅ፣ ክብ እየሠሩ ሞከሩት፤ በ1936 ዘዴያቸውን ፓሪስ ላይ አስተዋወቁ። አንገት በእነዚህ ዕጢዎች የተሞላ ነው፤ ጉሮሮ ሲታመም ከመንጋጋ ሥር እንደ አተር የሚዳሰሱት እነሱ ናቸው። ማሸቱ ቆዳን ከማንሸራተት ያለፈ ኃይል አይፈልግም። በቅባት ጠንከር አድርጎ የሚያሸው የሰፈር ወጌሻ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ገና ያልጠነከረውን ቦታ መልሶ ያቆስለዋል።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ነገር ውድ አይደለም። ራስን በሁለትና በሦስት ትራስ ከፍ አድርጎ በጀርባ መተኛት የመጀመሪያው ነው። ቀጥሎ ቅዝቃዜ ይመጣል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያህል አሳርፎ ማንሳት። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ ማስቀመጥ አይገባም፤ የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አይናገርምና። ሙቀት የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ሳውናና ስቲም፣ ወይባ መሞቅም ለጥቂት ሳምንታት ይቅር። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥሚት፣ ሾርባና ለስላሳ ፍትፍት ከጥብስ ይመረጣሉ፤ ብዙ ማኘክ ያበጠውን ቦታ ያደክመዋል። ሁለት ሳምንት ያህል ከባድ ዕቃ ማንሳትና ማጎንበስ አይመከርም፤ ጫማ ለማሰር እንኳ ቁጭ ማለት ይሻላል። ጠያቂ የማይታጣበት ቤት ደግሞ የራሱ ፈተና አለው፤ ወሬውና ሳቁ አንገትን አያሳርፉም፤ ይዘው የሚመጡት ወጥም ጨው አያጣም።

ሲጋራ የደም ሥርን እያጠበበ ለቁስሉ የሚደርሰውን ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሐኪሞች ከሥራው በፊትም በኋላም ለሳምንታት እንዲቆም ይጠይቃሉ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ የዓሣ ዘይት፣ በእንክብል የሚወሰድ ነጭ ሽንኩርት ደም መርጋትን ያዘገያሉ፤ ለሐኪሙ አስቀድሞ መነገር አለባቸው። ለልብ ተብሎ የታዘዘ አስፕሪን ግን ያዘዘው ሐኪም ሳይጠየቅ አይቆምም። ደቡብ ኮሪያ፣ ሴኡል ውስጥ የውበት ክሊኒኮች በተደረደሩባት በጋንግናም፣ ታካሚዎች እብጠት ያወርዳል ብለው የዱባ ጭማቂ ይጠጣሉ። ዱባው ጨው እስካልተጨመረበት ድረስ ጉዳት የለውም፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ጊዜ ነው።

ቢላ የፈሩ ሰዎች መርፌ ይመርጣሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2015 ካይቤላ የሚባለውን መርፌ ለአገጭ ሥር ስብ ፈቀደ። በውስጡ ያለው ዲኦክሲኮሊክ አሲድ ሐሞት ውስጥ የሚገኝ፣ ስብን የሚያሟሟ ቅመም ነው፤ ሲወጋ የስብ ሕዋሳትን ሽፋን ያፈርሳል። «ቀዶ ሕክምና ስላልሆነ አያሳብጥም» የሚል ሰው ግን ተሳስቷል። መድኃኒቱ ሲፈተሽ ከተወጉት ሰዎች 87 በመቶ ያህሉ አብጠዋል፤ የአንገቱን መልክ ከእንቁራሪት ጋር የሚያመሳስሉትም አሉ። ሕክምናው ደግሞ ቢያንስ በወር ልዩነት እስከ 6 ጊዜ ሊደጋገም ስለሚችል እብጠቱም አብሮ ይደጋገማል።

ስብን በቅዝቃዜ የመግደል ዘዴም አለ። በ2021 ካናዳዊቷ የሞዴል ኮከብ ሊንዳ ኢቫንጀሊስታ ይህን ሕክምና ካደረገች በኋላ አገጯን ጨምሮ የታከሙት የሰውነት ክፍሎቿ እየጠነከሩና እየተነፉ እንደሄዱ ለሕዝብ ተናገረች። የደረሰባት ጥቂት ሰዎችን የሚያጋጥም ነገር ነው፤ የቀዘቀዘው ስብ በመሞት ፈንታ ይበዛል። ከታከሙ ከወራት በኋላ የሚያድግና የሚጠነክር ነገር እብጠት አይደለም፤ በትዕግሥትም አይለቅም፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ጤነኛው እብጠት ጠባዩ ይታወቃል። በሁለቱም ጎን ይቀራረባል፤ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ይቀንሳል። አደገኛው እብጠት በአንድ ጎን፣ በሰዓታት ውስጥ ይነፋል፤ ቆዳውን እንደ ከበሮ ይወጥራል፤ ሕመሙ በማስታገሻ አይመለስም። ይህ ከቆዳ ሥር የተቋጠረ ደም ሊሆን ይችላል፤ በብዛት የሚከሰተውም በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። የፊት ቆዳ በሚነሳበት ሥራ ወንዶች ላይ ይበዛል፤ ጺም የሚያበቅለው ቆዳቸው የደም ሥር ስለሚበዛበት ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰውም ይበልጥ ይጋለጣል። አንገት ውስጥ የአየር ቧንቧ ስለሚያልፍ መተንፈስ ወይም መዋጥ ያቃተው ሰው «ይንጋና እናየዋለን» ሊባል አይገባም፤ በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ መግል፣ መጥፎ ሽታና እየሰፋ የሚሄድ መቅላትም ቁስሉ ማመርቀዙን ይናገራሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሲጫኑት የሚናወጥ ውሃ ከተዳሰሰ ሐኪሙ በመርፌ ይስበዋል። ፈገግታ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ደግሞ የታችኛውን ከንፈር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ተነክቶ ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፤ ግን መመዝገብና መከታተል አለበት።

ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድገው ጠባሳ፣ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል። ጆሮዋን ስትበሳ እንዲህ ያለ ጠባሳ የወጣባት ሴት ቀዳዳዎቹ ከጆሮ ጀርባ ከመበጀታቸው በፊት ይህን መናገር አለባት።

ሕክምናውን ፍለጋ ወደ ኢስታንቡል ወይም ወደ ባንኮክ የሚሄድ ሰው ደግሞ የመመለሻ ትኬቱን ማሰብ አለበት። የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ስብ ከተመጠጠ በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ከፊት የውበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ሳይበረር እንዲቆይ ይመክራል፤ ቀዶ ሕክምናም ረጅም በረራም እያንዳንዳቸው ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራሉና። ሐሙስ ተሠርቶ እሁድ የሚበር ሰው እብጠቱ ጫፍ በደረሰበት ቀን ከሐኪሙ ይርቃል፤ አገሩ ሲገባ ቁስሉን የሚያይለት ማን እንደሆነም አስቀድሞ ላያውቅ ይችላል።

ሐሙስ የተሠራላት ሴት በስድስተኛው ወር ለመጨረሻ ቀጠሮ ትመለሳለች። ነርሷ የመጀመሪያው ቀን ፎቶ በተነሳችበት ግድግዳ ፊት፣ በዚያው ብርሃን ታቆማታለች፤ አገጯን ቀና እንዳታደርግም ትነግራታለች፤ አንገት ትንሽ ሲቀና ፎቶ ይዋሻልና። ፊት ለፊት፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ትነሳለች። ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአገጯ መስመር በግልጽ ወጥቷል። እሷ ግን ማያ ገጹን እያየች እንኳ በጣቷ ከአገጯ ሥር ታሻሻለች፤ አንዲት ሳንቲም የምታክል ቦታ ገና እንደደነዘዘች ናት። ሐኪሙ ዳስሶ ካርዷ ላይ ይጽፋታል።